የጄሚ ነገር አልወጣልኝም

ጌም ኦፍ ትሮንስ የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ካለቀ ዓመታት አለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው ያበቃው። የጄሚ ላኒስተር ነገር ግን አሁንም ያበግነኛል። ሰውዬው ገና በመጀመሪያው ክፍል ትንሽ ልጅ ከመስኮት ገፍትሮ ጣለ። ጠላሁት። በሦስተኛው ሲዝን እጁን ተቆረጠ። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆኖ ድሮ ይጠብቀው የነበረውን ንጉሥ ለምን እንደገደለ ለተዋጊዋ ሴት ለብሪየን ሲናዘዝ አንጀቴን በላው። ለካ ንጉሡ ከተማ ሙሉ ሕዝብ እንዳያቃጥል ብሎ ነው!

ከዚያ ስምንተኛው ሲዝን መጣ። ስድስት ክፍል ብቻ። ብሪየን በሌሊት ግቢው ውስጥ ቆማ እያለቀሰች ትቷት ወደ መንትያ እህቱና ፍቅረኛው ወደ ሰርሴ ጋለበ። ጭራሽ ለሕዝቡ ግድ ኖሮት እንደማያውቅ ተናገረ። እንዴ! ታዲያ ያ ሁሉ ኑዛዜ ምን ነበር? ሰው ወደ ክፉ አመሉ ይመለሳል፣ እሺ። ግን ሲመለስ አሳዩና! በመጨረሻ ጡብ ተደርምሶበት ሞተ። እኔም ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውሬ ተኛሁ።