የተሻለው መድኃኒቱ ነው ወይስ እጄ?

ሰሞኑን እዚሁ ጥቁር አንበሳ አካባቢ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጄ ነበር። በላብራቶሪ እንስሳት ላይ ኦፕራሲዮን እንዴት እንደሚሠራ፣ በስላይድ ምናምን ሳይሆን በእጅ። ሲያልቅ ሜክሲኮ ጋ ከአንድ የድሮ የክላሴ ልጅ ጋር ማኪያቶ ልንጠጣ ተቀጣጠርን፣ እሱ አሁን ሐኪም ነው፣ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ሲለኝ ነገርኩት፣ ሳቀብኝ። «ሰው ለኦፕራሲዮን ስንት ወር ወረፋ እየጠበቀ አንቺ አይጥ መስፋት ትማሪያለሽ?» አለኝ። ያኔ ምንም አላልኩትም። አሁን ግን ልመልስለት፣ ምክንያቱም እንደሱ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም፣ በጀት ሚፈቅዱት ሰዎችም ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ከራሴ ጥፋት ነው ሚጀምረው። ማስተርሴን ስሠራ (የት እንደሆነ ይለፈኝ) ርዕሴ አገር ቤት ሰው ለጨጓራ የሚጠጣው አንድ ቅጠል እውነት ይሠራል ወይ የሚል ነበር። ለዚህ የታወቀ ዘዴ አለ፣ ከ1945 ጀምሮ ያለ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው)። ራቱ (ትልቁ የላብራቶሪ አይጥ፣ እራት አይደለም) ሳይበላ ያድራል፣ ሰመመን ይሰጠዋል፣ ሆዱ ከደረት አጥንቱ ዝቅ ብሎ ትንሽ ይከፈታል፣ ከጨጓራ ወደ አንጀት የምታሳልፈው በር በክር ትታሰራለች፣ ከዛ ሆዱ ይሰፋል። አሲዱ መውጫ ሲያጣ ይጠራቀምና የጨጓራውን ግድግዳ ይበላዋል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ራቱ ይገደልና ጨጓራው ተከፍቶ ቁስሉ ይቆጠራል። ቅጠሉን የወሰዱት ራቶች ቁስላቸው ካነሰ ቅጠሉ ሠራ ማለት ነው። ወረቀት ላይ አምስት መስመር አይሞላም። «የደም ሥር እንዳይነካ ጥንቃቄ ይደረጋል» ይላል፣ በቃ። እንዴት ነው ጥንቃቄው ሚደረገው፣ ክሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል፣ ደም ከፈሰሰስ? ዝም።

እኔ እስከዛ ቀን ድረስ የከፈትኩት ሆድ የዶሮ ብቻ ነው፣ እሱንም ለበዓል፣ እሱንም እናቴ አጠገቤ ቆማ «ሐሞቷን እንዳታፈሺ» እያለች። ሳስበው ብቸኛዋ የቀዶ ጥገና አስተማሪዬ እሷ ነበረች።

በግሩፕ 6 ራት፣ 5 ግሩፕ፣ በድምሩ 30። ከውሃ በቀር ምንም ያልተሰጣቸውን፣ ለማነጻጸሪያ የሚያዙትን ኮንትሮሎቹን መጀመሪያ ልገላገላቸው ብዬ በነሱ ጀመርኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጓንቱ ሰፍቶኛል፣ ፎርሴፕሱን (መቆንጠጫውን) እንደ ማማሰያ ጨብጬዋለሁ። የመጀመሪያውን ሰመመኑ በደንብ ሳይዘው ነው የቆረጥኩት፣ እግሩን ሲሰበስብ አሁንም ይታየኛል። ሁለቱ እዛው ጠረጴዛው ላይ ሞቱ። ለአድቫይዘሬ ደውዬ ስነግራቸው «ያጋጥማል፣ ተጨማሪ ጠይቂ» አሉኝ፣ ጠየቅኩ፣ ተሰጠኝ፣ ቴሲሱ ላይ በግሩፕ 6 ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለማ፣ በመጨረሻ እኮ 6 ነበሩ። ስለሞቱት የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ስሄድ እጄ እየለመደ መጣ። በመጨረሻው ሳምንት ከፍተኛውን ዶዝ የወሰዱትን ስሠራማ ከፍቼ፣ አስሬ፣ ሰፍቼ ስጨርስ ጨርቁ ላይ ደም አይታይም ነበር። ውጤቱም አማረ። ዶዙ በጨመረ ቁጥር ቁስሉ ቀነሰ ብዬ ቁልቁል የሚወርድ ቆንጆ ግራፍ ሠራሁ፣ ዲፌንስ ላይ፣ ቴሲሴን ሳቀርብ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ቤተሰብ ዳቦ ጋግሮ መጣ።

የገባኝ አሁን ነው፣ ሥልጠናው ላይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ያቺን በር ስታስር አጠገቧ ያለውን ደም ሥር አብረህ ካሰርከው የጨጓራው ግድግዳ ደም ያጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሞታል። ያ ቁስል የአሲድ አይደለም፣ የክር ነው። የኔ ኮንትሮሎች ጨጓራቸው ጥቁር ጥቁር ብሎ ነበር፣ እኔ ደስ ብሎኝ ቁስል ብዬ ቆጠርኩት። ከግሩፕ ወደ ግሩፕ የጨመረው እንግዲህ ዶዙ ብቻ አልነበረም፣ የኔም እጅ ነበር፣ ግራፉ ላይ ቁልቁል ሲወርድ ያጨበጨባችሁለት ምናልባት የኔ ልምምድ ነው። ዕጣ አውጥቼ ከየግሩፑ እየቀላቀልኩ ብሠራ ቢያንስ ጥፋቴ ለሁሉም እኩል ይዳረስ ነበር፣ እሱንም አላደረግኩም። ቅጠሉ አይሠራም እያልኩ አይደለም፣ ይሠራም ይሆናል። እኔ ግን አላወቅኩም፣ ያወቅኩ መስሎኝ ዲግሪ ያዝኩ እንጂ።

የሀገር መድኃኒት ጥናት ሲነሳ ሁላችንም እንዶድን እንጠራለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፣ የቢልሃርዚያው ሥራ ከዛ ተነሳ፣ ይሄን የማያውቅ የለም፣ የፕሮፖዛላችን መግቢያ ማጣፈጫ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የዛ ሥራ ጭንቅ ሁሉ የሞተው ከምን እንደሞተ መለየት ነው። የኔ ራቶች ከምን እንደሞቱ ጠይቁኝና ልንገራችሁ።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ያሠለጠነችን ከቢሾፍቱ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ግን እጇን ስታዩት አፋችሁን ትከፍታላችሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ራት ሚባል ነገር አላየንም። በመጀመሪያ እንጨት ላይ በምስማር የተወጠረ የፍየል ቆዳ ሰጠችን፣ እሱን ስንሰፋና ስንፈታ ዋልን። ቀጥሎ የዶሮ ጭን። ሳቃችሁ አይደል፣ እኛም ስቀናል፣ ግን የዶሮ ጭን ውስጥ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የምትሆን ደም ሥር አለች፣ በውጭ አገር በማይክሮስኮፕ ደም ሥር የሚሰፉ ሐኪሞች ሳይቀሩ በሷ ነው ሚለማመዱት። እኔ ፎርሴፕሱን እንደለመድኩት ስጨብጠው መጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታችና እንደ እስክሪብቶ አስያዘችኝ። «አትቸኩዪ፣ ሰዓቱን እኔ ነኝ ምይዘው» አለችኝ። በሁለት ዓመት ማስተርስ ውስጥ ጣቴን ይዞ ያሳየኝ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት የሞቱ ራቶች መጡ፣ የሌላ ተማሪ ጥናት አልቆ የተገደሉ፣ ለኛ ተብሎ አንድም አልተገደለም። ሁለተኛው ቀን ላይ ነው አንድ አንድ በሕይወት ያለ፣ ሙሉ ሰመመን ውስጥ ገብቶ ከዛ የማይነቃ ራት የተሰጠን፣ እሱም መጀመሪያ በሞቱት ላይ ሥራቸው ታይቶ ላለፉት ብቻ። ሁለት ልጆች አላለፉም፣ ተመልሰው ወደ ፍየል ቆዳው ሄዱ፣ ትንሽ ከፋቸው፣ ምን ይደረግ።

ምን ያህል እንደማናውቅ ያወቅኩት በትንንሹ ነገር ነው። ምላጩ ከመንካቱ በፊት የእግሩን ጣት ቆንጠጥ ታረጋለህ፣ ከሰበሰበ ትጠብቃለህ፣ የኔን የመጀመሪያ ራት ይቺ ብቻ ታድነው ነበር። ኬታሚን በሚባለው ሰመመን ሲተኛ ዓይኑ አይከደንም፣ ቅባት ካልተቀባ ይደርቃል። ራትና ማይስ (ትንሿ የላብራቶሪ አይጥ) ማስታወክ አይችሉም፣ ስለዚ እንደ ሰው ለሰመመን ብለህ በረሃብ ማሳደር አያስፈልግም፣ የጨጓራ ጥናት ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው፣ እኛ ግን ለሁሉም እናስርብ ነበር። 25 ግራም የምትመዝን ማይስ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም ግማሽ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ አንተ ትንሽ ነው ብለህ በጥጥ የጠረግከው 10 ጠብታ ከደሟ ሩብ ያህሉ ነው። ሆድ ሲዘጋ ጡንቻው ለብቻ ቆዳው ለብቻ ይሰፋል፣ ውጭ የተረፈ ክር ካለ ደግሞ ስትነቃ በጥርሷ ትበጥሰዋለች።

በሁለተኛው ቀን መሀል መብራት ጠፋ። ያው እንደለመድነው። ማሞቂያ ምንጣፉም አብሮ ጠፋ፣ ሰመመን ውስጥ ያለ ራት ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ሰውነት ሙቀት አይዝም፣ ከቀዘቀዘ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሚወጣበት ፍጥነት ራሱ ይቀየራል። እኛ ተደናግጠን ስንተያይ አኒማል ሃውሱ (እንስሳቱ የሚቀመጡበት ቤት) ውስጥ የሚሠሩት ጋሼ ምንም ሳይሉ ወጡና በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ፣ ከግራም ከቀኝም ደገፍ አደረጓቸው። ራቶቹ ሳይቀዘቅዙ ዋሉ።

ስለኚህ ጋሼ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ለስንት ዓመት እንስሳቱን ሲይዙ፣ ሲመግቡ፣ ለኛ ሲያቀርቡ ኖረዋል፣ ራት በእጃቸው ሲገባ ዝም ይላል፣ ህመም ያለባትን ማይስ ከሩቅ ያውቋታል። በ2010 የካናዳ ተመራማሪዎች የማይስ ፊት እያዩ ህመሟን የሚለኩበት መለኪያ አወጡ፣ ዓይኗ ሲጨፈን፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ጉንጯና አፍንጫዋ ሲያብጥ እያሉ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ጋሼ ሥዕሉን ሲያዩ «ይሄማ ፊቷን ስታኮማትር ነው፣ ሁሌ ምላችሁ እኮ ነው» አሉ። ሥልጠና ሲመጣ ግን ስማቸው ሊስቱ ላይ አልነበረም፣ ዕቃ ሊያቀብሉ ነው የመጡት። ሰርተፊኬቱን ወሰድነው እኛ።

አሁን ለጓደኛዬ። አንተ ሬዚደንት ስትሆን አምስት መስመር ወረቀት ሰጥተው ሰው ሆድ ክፈት አሉህ እንዴ? መጀመሪያ አየህ፣ ቀጥሎ መንጠቆ ይዘህ ቆምክ፣ ቀጥሎ ቆዳ ሰፋህ፣ ሲኒየርህ ከጀርባህ ቆመው እየተቆጡህ። ነገ ለበሽተኛህ የምታዝዘው መድኃኒት መጀመሪያ ያለፈው በኛ እጅ በኩል ነው፣ የኛ እጅ ካልተማረ አንተ ጋ የሚደርሰው ወረቀት ያማረ ግራፍ ብቻ ነው። ወረፋውን ያረዘመው ደሞ የኛ ሥልጠና አይደለም፣ የፍየል ቆዳና የዶሮ ጭን ስንት ብር ነው? ውድ የሆነው እኔ ያቃጠልኩት ራትና ያባከንኩት ሁለት ዓመት ነው።

ራስል እና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት ከተቻለ ተኩ፣ ካልሆነ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ስቃዩንም አቅልሉ ብለው ጻፉ። ሦስቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፣ ኤቲክስ ፎርም (የጥናት ሥነ ምግባር ማስፈቀጃ) ላይ እንገለብጣለን። እኔ የሞላሁት ፎርም የራቱን ክብደት፣ ዶዙን፣ አገዳደሉን ሳይቀር ጠይቆኛል፣ ቀዶ ጥገናውን ማን ይሠራዋል፣ ከዚህ በፊትስ ሠርቶ ያውቃል ወይ አላለኝም። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው መመሪያ ሰውየው ችሎታው እስኪረጋገጥ ድረስ በሌላ ሰው ክትትል ሥር ነው ሚሠራው። ይሄን ለማድረግ ሕንፃ አያስፈልገንም፣ ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄና የሚፈርም አንድ የታወቀ እጅ ይበቃል። ጥናት አልቆ ሚገደሉት ራቶች በየጊዜው ይቃጠላሉ ወይ ይቀበራሉ፣ አንድ ፍሪዘር ቢኖር ለአዲስ ተማሪ መለማመጃ ይሆኑ ነበር። አስተማሪ የለም ሚባለውንም አልሰማም፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ 45 ኪሎ ሜትር፣ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበት። የሰው ላይ ጥናት ስንሠራ ሐኪም እንጠራለን፣ እንስሳ ሲሆን ግን ፋርማሲስቱም ባዮሎጂስቱም ሁሉም ራሱን ሰርጅን ያደርጋል፣ እኔን ጨምሮ።

እኔ ጋ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት አዲስ የማስተርስ ልጆች ይመጣሉ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ራት አያዩም። ትናንት ተክለ ሃይማኖት ወዳለው ደምበኛዬ ሥጋ ቤት ሄጄ ትኩስ የፍየል ቆዳ አስቀምጥልኝ አልኩት። ቢላውን አስቀምጦ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምነው፣ ከበሮ ልትሠሪ ነው?» አለኝ።