ፓክስ ከመግዛት በፊት መውጫውን መጠየቅ

ከክልል ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ የሚመጣ ሕመምተኛ ብብቱ ሥር ትልቅ ፖስታ አይጠፋም። ውስጡ የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ፊልም አለ። ሲዲ ከተሰጠው ደግሞ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ሐኪም ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ፊልሙ ታጥፎ፣ ዝናብ መትቶት ወይም መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ መልሱ የታወቀ ነው፦ «እንደገና ተነሳ»። ይህ የሚጎዳው ኪስን ብቻ አይደለም። አንድ የደረት ሲቲ ስካን ከተራው የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ጨረር አለው።

ሐኪሞቻችን መላ አላጡም። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅለው በስልክ ፎቶ ያነሱና በቴሌግራም ይልካሉ። ለአስቸኳይ ምክር ከምንም ይሻላል። ግን የሲቲ ምስል በሺዎች የሚቆጠር የግራጫ ደረጃ ሲይዝ፣ ተራ የስልክ ፎቶ የሚይዘው 256 ብቻ ነው። ሳንባውን ያየ ሐኪም አሁን ደግሞ አጥንቱን ልይ ቢል ፎቶው አያሳየውም። ጥግ ላይ የተጻፈው የሕመምተኛው ስምም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዞራል።

ስለዚህ ሆስፒታሎች ፓክስ፣ ማለትም ዲጂታል የምስል ማከማቻ፣ ማስገባታቸው ደግ ነው። የሚያሳስበኝ የግዢው አካሄድ ነው። ክርክሩ ሁሉ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ማሽኑ ዋጋ ላይ ያልቅና ሶፍትዌሩ እንደ ምርቃት ይመጣል። ሻጩን «ከሌላ ሆስፒታል ጋር ይገናኛል?» ብትሉት «ዳይኮም አለው» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ዳይኮም በፈረንጆቹ 1993 በዚህ ስሙ የወጣ፣ የሕክምና ምስል የሚቀመጥበትና የሚላክበት የጋራ መስፈርት ነው፤ ዛሬ እሱን የማይናገር የራጅ ማሽን ገበያ ላይ ማግኘት ይከብዳል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ውሉ ሲያልቅ ምስሎቻችንን ከነሪፖርታቸው ይዘን መውጣት እንችላለን? በስንት ብር? ውል ላይ ካልተጻፈ ዋጋውን የሚቆርጠው ሻጩ ነው፣ ያውም በዶላር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዓመት የፈቃድ ክፍያ በዶላር የፈረመ ሁሉ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ነጻ አማራጭም አለ። ኦርታንክ የሚባለው ሶፍትዌር ቤልጂየም ውስጥ ከሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣ ነው። ተራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ለፈቃድ አይከፈልበትም። ግን የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። ያንን ባለሙያ በደህና ደመወዝ ማቆየት ያልቻለ ሆስፒታል ሶፍትዌሩን በነጻ አገኘሁ ብሎ ባይደሰት ይሻላል።

ሻጮች ብዙ የማያነሱት ትልቁ ራስ ምታት ግን የሕመምተኛው ማንነት ነው። ፀሐይ የምትባለውን እናት አንዱ ሆስፒታል በላቲን ፊደል ሲጽፋት በ«ቲ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ኤስ»። ዕድሜዋ አንዱ ጋ «አርባ ገደማ» ነው፣ ሌላው ጋ ባዶ። በ2010 የተወለደ ልጅ ደግሞ ማሽኑ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው በአንድ ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ሁለቱ ሆስፒታሎች በጥሩ ኔትወርክ ቢገናኙ እንኳ ሲስተሙ እነዚህን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚያያቸው። ከዚህ የባሰው የሌላ ሰው ምስል ፀሐይ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ነው። የፋይዳ ቁጥር እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። የሌለው ሰው ግን ከሕክምና መገፋት ስለሌለበት፣ የካርድ ክፍሎች የሚግባቡበት አንድ የአመዘጋገብ ደንብም ያስፈልጋል።

ኔትወርኩ የሚባለውን ያህል አያስፈራም። 500 ቁራጭ ምስል ያለው ሲቲ ስካን ሳይጨመቅ 250 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሆነ መስመር ከስምንት ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ዋናው ነገር ምስሉ መጀመሪያ እዚያው ሆስፒታል እንዲቀመጥ፣ መብራት ወይም መስመር ሲጠፋ እንዲጠብቅና ሲመለስ ራሱ እንዲላክ ነው። ሁሉንም ውጭ አገር ክላውድ ላይ እንጫን የሚለውን ሐሳብ አልወደውም። መስመር በጠፋ ቁጥር ሐኪሙ ባዶ እጁን ይቀራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከአገር ለሚወጣ መረጃ የራሱ ጥያቄዎች አሉት። እዚሁ ማስቀመጥም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በፈረንጆቹ 2019 ግሪንቦን የተባለ የጀርመን ኩባንያ ባደረገው ፍተሻ ከ50 በላይ አገሮች ውስጥ ከ24 ሚሊዮን በላይ የሕመምተኛ መዝገቦች ኢንተርኔት ላይ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ሰርቨሮቹን መስበር እንኳ አላስፈለገም፤ በሩ ክፍት ነበር።

ጨረታ የሚያወጣ ሆስፒታል ታዲያ አንዲት አንቀጽ ይጨምር። ሻጩ የመጨረሻውን ክፍያ ከመውሰዱ በፊት የአንድ ወር ምስሎችን ከነሪፖርታቸው አውጥቶ የተፎካካሪው ድርጅት ሲስተም ላይ ይጫን። ራዲዮሎጂስቱም ቁጭ ብሎ ይክፈታቸው። ካልተከፈቱ ክፍያው ይቆይ።