ንቅሳት ያላትን እናት ከፍል ውሃ በር መመለስ ተገቢ አይደለም

ሪዮካን የሚባለውን የጃፓኖች ባህላዊ ማረፊያ ከልቤ እወደዋለሁ። በተለይ በባሕር ጠረፍ ያለውን፣ ፍል ውሃ ያለውን። ስለዚህ ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ምኑን እንደምወደው ልናገር።

እንግዳ የሚገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ክፍሉ ውስጥ አልጋ የለም። ወለሉ ታታሚ በሚባል የሣር ምንጣፍ የተሸፈነ ነው። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ሻይና ትንሽ ጣፋጭ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጣፋጩ ለወግ ብቻ አይደለም፤ በባዶ ሆድ ፍል ውሃ የገባ ሰው ራሱን ሊያዞረው ስለሚችል ነው። ከዚያ የራስን ልብስ አውልቆ ዩካታ የሚባለውን ቀለል ያለ ልብስ መልበስ ነው። የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል። በተቃራኒው የሚለብሰው አስከሬን ብቻ ስለሆነ፣ የተሳሳተ እንግዳ ካዩ አስተናጋጆቹ ቀስ ብለው ያስተካክሉለታል። ራቱ ከዚያው ከባሕሩ የወጣ ዓሣ ነው። ራት በልተው ሲመለሱ ፍራሹ ተነጥፎ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ ራትና ቁርስ ይጨምራል።

ዋናው ነገር ግን ውሃው ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚገቡት። ገንዳው ውስጥ ከመግባት በፊት ትንሽ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሰውነትን በሳሙና ጥርት አድርጎ መታጠብ ግዴታ ነው። ገንዳው የመታጠቢያ ሳይሆን የመዘፍዘፊያ ቦታ ነው፤ ትንሿ ፎጣ እንኳ ውሃውን መንካት የለባትም። ባሕር ዳር ያሉት ምንጮች ብዙዎቹ ጨዋማ ናቸው። ጨው ቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ሙቀቱ ከወጡ በኋላም ቶሎ አይለቅም። ሁሉም ሰው እርቃኑን ነው። ለእኛ ሰው ይሄ መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው፤ አልደብቅም። ግን ትንሽ ቆይቶ ማን ሥራ አስኪያጅ፣ ማን ሹፌር እንደሆነ የማይታወቅበት ቦታ መሆኑ ራሱ ያሳርፋል።

ከተማ ምረጥ ብባል ክዩሹ ደሴት ላይ ያለችውን ቤፑን እመርጣለሁ። ከ2,000 በላይ የፍል ውሃ ምንጮች አሏት። እንፋሎቱ ከመንገድ ዳር ቦይ ሁሉ ይወጣል። ካናዋ በሚባለው ሰፈር ሰዎች ለሕክምና ብለው ለቀናት፣ ለሳምንታት ይቀመጣሉ። አትክልቱንና ዓሣውን በዚያው በምድር እንፋሎት ያበስላሉ፤ በቀን ደጋግመው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ጠበል ቦታ ሁለት ሱባኤ ይዘው ለሚቀመጡ እናቶቻችን ይሄን ማስረዳት ቀላል ነው። እናቴም ስነግራት ወዲያው ገባት። «እና መቼ ትወስደኛለህ?» አለችኝ።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ በረድፍ የተደረደረ ንቅሳት አላት። በልጅነቷ ጎጃም ውስጥ የተነቀሰችው ነው። የዚያ ዘመን ልጅ አምሮባት እንድትታይ፣ ክርስቲያንነቷም እንዲታወቅ ይነቅሷት ነበር። ጎንደርም፣ ወሎም፣ ትግራይም ብንሄድ ያው ነው። በጃፓን ደግሞ ብዙ ፍል ውሃ ቤቶች በራቸው ላይ ንቅሳት ያለበት ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጃፓን የባሕር ጠረፍ ማረፊያ ጋ ስለ እናቴ ጽፌ ጠየቅሁ። መልሱ እጅግ ትሑት ነበር። ክፍል ይሰጣታል፤ ባሕሩን የሚያየው ትልቁ ገንዳ ውስጥ ግን አትገባም። ንቅሳቷን በተለጣፊ መሸፈን ከቻለች ይፈቀዳል። ተለጣፊው የመዳፍ ያህል ነው። የአንገት ንቅሳት ዙሪያውን ነው የሚሄደው።

የማረፊያ ባለቤቶቹን ስጋት እረዳዋለሁ። በጃፓን መላ ሰውነትን የሚሸፍን ንቅሳት ከያኩዛ፣ ማለትም ከተደራጁ ወንጀለኞች ጋር ተያይዞ ኖሯል። እርቃን በሚገባበት ቦታ እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ቢቀመጥ ሌላው እንግዳ ይሸሻል። ባለቤቱ ሰውየውን ለይቶ «አንተ ወንበዴ ነህ፣ ውጣ» ማለት ይፈራል፤ ንቅሳት ያለበትን ሁሉ መከልከል ይቀለዋል። ታሪኩም ወደኋላ ይሄዳል። ከ1720 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ወንጀለኛን በንቅሳት ምልክት ማድረግ ቅጣት ነበር። በ1872 መንግሥት መነቀስን ራሱ ከለከለ። ክልከላው የተነሳው በ1948 ነው።

ግን ታሪኩ ይሄ ብቻ አይደለም። በሰሜን ጃፓን የሚኖሩት፣ አይኑ የሚባሉት ነባር ሕዝብ ሴቶች አፋቸው ዙሪያ ይነቀሱ ነበር። በደቡብ የኦኪናዋ ሴቶች እጃቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ለእነሱ የሴትነት ክብር ነበር። የአይኑዎቹ በ1871፣ የኦኪናዋዎቹ በ1899 ተከለከለ። ልክ እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች በገዛ አገራቸው አፍረው እጃቸውን እንዲደብቁ ተደረገ። ስለዚህ «ይሄ የኛ ባህል ነው» የሚለው መልስ አያረካኝም። ከዚያው አገር ባህል ውስጥ የተጣለ ሌላ ባህል አለ።

በ2013 በሰሜኑ የጃፓን ደሴት በሆካይዶ የሆነውን አስታውሱ። ከኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የሆነች ሴት ፊቷ ላይ ባለው ባህላዊ ንቅሳት ምክንያት ከአንድ ፍል ውሃ ቤት ተመለሰች። የመጣችው ደግሞ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ጉባኤ ላይ ለመካፈል ነበር። በወቅቱ የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት፣ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዮሺሂዴ ሱጋ የውጭ ባህሎችን ማክበር እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። በ2015 የአገሪቱ የቱሪዝም ኤጀንሲ ማረፊያዎችን ጠየቀ። መልስ ከሰጡት 56 በመቶ ያህሉ ንቅሳት ያለውን እንደማያስገቡ፣ 31 በመቶ ያህሉ እንደሚያስገቡ ተናገሩ። የቀሩት «ከተሸፈነ» የሚሉ ነበሩ። በዓመቱ ኤጀንሲው ተለጣፊ እንዲሰጡ፣ የተለየ ሰዓት እንዲመድቡ ወይም ለብቻ ተዘግቶ የሚያዝ የቤተሰብ ገንዳ እንዲያቀርቡ መከራቸው። በ2017 ደግሞ መንግሥት ንቅሳት ብቻውን በሕዝብ መታጠቢያ ሕጉ መሠረት ለመከልከል ምክንያት እንደማይሆን በጽሑፍ አስታወቀ። ማለትም ማስታወቂያውን በር ላይ የሚያቆየው ሕጉ ሳይሆን ልማድ ነው።

የቤተሰብ ገንዳ ይበቃል የሚሉኝ አሉ። ለባልና ሚስት ጥሩ ነው። ለአንዲት አሮጊት ግን ሌሎች ሴቶች ባሕሩን እያዩ ሲጫወቱ እሷን ብቻዋን ዘግቶ ማስቀመጥ እንግድነት አይባልም። ሁሉን እኩል ያደርጋል ያልኩት ገንዳ እሷ ጋ ሲደርስ ይቆማል ማለት ነው። ደግሞ ደንቡ የሚፈራው ጠባይን ነው፤ የሚከለክለው ግን ቆዳን ነው። የሚረብሽ፣ የሚሰክር፣ ሰው የሚያስፈራራ ካለ ንቅሳት ኖረውም አልኖረውም ይውጣ። የሰባ ዓመት ሴት ግን ማንን ታስፈራራለች?

ቤፑን የምመርጠው ለዚህም ነው። እዚያ ንቅሳት ያላቸውን የሚቀበሉ ፍል ውሃዎች ብዙ ናቸው። ከተማዋ በ2000 ከተከፈተው ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ወዲህ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ለምዳለች። ባቡር ጣቢያዋ ፊት ለፊት እጁን ዘርግቶ የቆመ የአቡራያ ኩማሃቺ ሐውልት አለ። የቤፑ ቱሪዝም አባት ይሉታል። አሜሪካ ኖሮ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነበር። እንግዳን በደግነት መቀበል የሚለውን መመሪያውን የወሰደው ከዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13 ነው፤ እናቴ በቃሏ የምታውቀው ክፍል ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶኪዮ አጠገብ እስካለው ናሪታ አየር ማረፊያ ድረስ ይበራል፤ ወላጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ልጆችም አሉ። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ስለ ንቅሳት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ፎቶ ብትልኩ ይሻላል። የከለከለኝን ማረፊያ እኔ አልተውኩትም። ሁለት ነገር ለምኜ ጽፌለታለሁ፦ ደንቡን እንግዳው ከፍሎ ከመጣ በኋላ በር ላይ ሳይሆን ክፍል በሚያዝበት ገጽ ላይ እንዲያስቀምጠው፣ የእምነትና የባህል ንቅሳት ያላቸውን ሴቶች ደግሞ ያለ ተለጣፊ ትልቁ ገንዳ እንዲያስገባቸው። እስካሁን የመለሰልኝ የመጀመሪያውን እንደሚያስብበት ነው።