መብራት የጠፋበት ፊልም

ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የፊልሙን ስም አይናገርም። በጠመኔ «የሰይጣን ፊልም፤ ልብ ያለው ይግባ» ይላል። እኔ ልብ አልነበረኝም። አንድ ብር ግን ነበረኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።

ፊልሙ «ዘ ኤክሶርሲስት» እንደሚባል ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው። በፈረንጆቹ 1973 የወጣ፣ የዳይሬክተር ዊሊያም ፍሪድኪን ሥራ። ሬገን የምትባል ልጅ ላይ ርኩስ መንፈስ ይሰፍርና ሁለት ቄሶች ሊያስወጡት ይታገላሉ። አግዳሚው ላይ ተጠባብቀን ተቀምጠናል። አልጋው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከኋላዬ የነበረው ጎረምሳ፣ የሰፈሩ ጉልቤ፣ «በስመ አብ!» አለ። ወዲያው መብራት ጠፋ።

ማንም አልወጣም። ባለቤቱ ሻማ ይዞ ሲመጣ «አጥፋው!» ተባለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ቁጭ አልን። ዴኩ ዝም ብሏል፤ እኛ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ፊልም እያየን ነበር። የእኔ ከፍሪድኪን የባሰ ነበር መሰለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት እየጮህኩ ተነሳሁ። እማዬ ምን እንዳየሁ አልነገርኳትም። ጠዋት ጠዋት ጸበል ትረጨኝ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳውን ላነብ ተመልሼ ሄድኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልተውኩም። ሆረር እወዳለሁ ስል ሰው «ጤነኛ ነህ?» ብሎ ያየኛል። ደም ማየት የሚያምረኝ ይመስለዋል። እኔን ግን ከዚያ ፊልም እስካሁን የሚያስጨንቀኝ አልጋው አይደለም፤ የልጅቷ ጭንቅላት መዞሩም አይደለም። ሆስፒታሉ ነው። ልጅቷን አስተኝተው አንገቷ ላይ መርፌ ይሰካሉ። ደሟ ይፈናጠራል፤ ማሽኑ ቋ ቋ ይላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰይጣን የለም። ሥራቸውን በአግባቡ የሚሠሩ ሐኪሞች ብቻ ናቸው ያሉት። ሁሉን ሞክረው ሲያቅታቸው ነው፣ እምነት ለሌላት እናቷ እስቲ ቄስ ሞክሪ የሚሏት።

እኛ ሰፈር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ጸበል፣ ካልሆነ ሐኪም። ጸበል ቦታ ሰው ሲጮህ ያልሰማ ልጅ በመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ መስቀሉና ጸሎቱ ማንንም አላስገረመም። እንግዳ የሆነብን ማሽኑ ነው።

ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጭቶ 2 አግኝቷል፤ አንዱ ለድምፅ ነው። ይገባዋል። የሰይጣኑ ድምፅ የልጅቷ ሳይሆን መርሴዲስ መካምብሪጅ የተባለች ተዋናይት ነው። የልጅቷ መኝታ ክፍል ውስጥ ከተዋንያኑ አፍ የሚወጣው ትንፋሽ ደግሞ የእውነት ነው፤ ክፍሉን እንደ ፍሪጅ አቀዝቅዘውት ነበር። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት እስቲ። ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

አያቴ ይህን ያለ ኦስካር ታውቀው ነበር። ስለ ጭራቅ ስታወራ፣ በሩ ሊንኳኳ ሲል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በቃ። እኛ ነን ጭራቁን የምንሠራው። የእኛ ፊልም ሠሪዎች ግን ይህን ሁሉ ተረት ቤታቸው አስቀምጠው በፍቅር ኮሜዲ ላይ ሙጭጭ ብለዋል። ለምን ሲባሉ በጀት የለም ይላሉ። ጨለማ ክፍል ስንት ብር ነው? በዚህ ነገር ከጓደኞቼ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ አሁንም ሐሳቤን አልቀይርም።

በኋላ ኑሮ ዋሽንግተን ዲሲ ጣለኝ። ጆርጅታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ማታ ከሥራ ስወጣ ኤም ስትሪት ዳር ቀና ብዬ ሳይ ደረጃው! በፊልሙ መጨረሻ ከሁለቱ ቄሶች አንዱ፣ አባ ካራስ፣ በመስኮት ወጥቶ የሚንከባለልበት፣ 75 እርከን ያለው ጠባብና ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ። ለቀረጻው እርከኖቹን ላስቲክ አልብሰዋቸው ነበር። ዛሬ ግድግዳው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለው፤ ሰዎች ስፖርት ይሠሩበታል። እኔ በዚያ ምሽት ግማሽ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ ሳላይ መውጣት አልቻልኩም። ትልቅ ሰው ነኝ እኮ።

እማዬ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እዚያ ወሰድኳት። ምንም አልነገርኳትም። ከላይ ቀስ ብለን ስንወርድ ጉልበቷን አመማትና አንዱ እርከን ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ «ጥሩ ነፋስ አለው» አለች። ያኔ ታሪኩን ነገርኳት፤ ቪዲዮ ቤቱን፣ መብራቱን፣ ሁሉንም።

«ሌሊት ሌሊት ሲያስጮህህ የነበረው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ልጅቷስ? ዳነች?»

«ድናለች።»

«ተመስገን» አለችና እጄን ይዛ ተነሳች።