ሁለቱ 72 ሰዓታት

ሰኞ ጠዋት የሚገቡ ደንበኞቼን ከበሩ ጀምሬ እለያቸዋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚገዙት እናት ቀጥ ብለው ወደ ባንኮኒው ይመጡና ማዘዣቸውን ዘርግተው ዋጋ ይጠይቃሉ። ወጣቷ ግን መጀመሪያ ወደ ቅባቶቹ መደርደሪያ ታመራለች። የማትገዛውን የፀሐይ መከላከያ ታነሣለች፣ ታገላብጣለች፣ ትመልሳለች። ሰው ሲወጣላት ጠጋ ትልና ስልኳን ወደ እኔ ታዞራለች፤ «ፖስት ፒል» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ እንክብል። አንዳንዴ የሚመጣው ወንዱ ነው። «ለእህቴ ነው» ይላል። እህት የሆነች ሁሉ እንዲህ የሚያስብላት ወንድም ቢኖራት አገራችን የት በደረሰች።

መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት እንዳየሁት፣ አብዛኞቻችን የወሊድ መከላከያ ስንመርጥ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው «ይታወቅብኛል ወይ?» ብለን ነው። ይሠራል ወይ፣ ለእኔ ይስማማል ወይ፣ ከበሽታስ ያድነኛል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ከመጡ።

ቁጥሩን እንየው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 41 በመቶ ደርሷል። ቦርሳቸውን አንግተው ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ከ41ዱ ውስጥ ግን 27ቱ የመርፌ ተጠቃሚዎች ናቸው። መርፌው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በየሦስት ወሩ ተወግቶ መሄድ ነው፣ በቅርብም ይገኛል። ብዙ ሴቶች በሹክሹክታ የሚነግሩኝ ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ ባል መሳቢያ ከፍቶ የሚያገኘው ነገር የለም። እንክብል ይቆጠራል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሲዳሰስ ይታወቃል። ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ደግሞ «ወደ ላይ ወጥቶ ልብ ይወጋል» የሚል ወሬ ይከተለዋል፤ ከማኅፀን ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ እንደሌለ ስንቴ እንዳስረዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከባሏ ደብቃ የምትወጋውን ሴት አልወቅስም። ቤቷን የምታውቀው እሷ ናት። ነገር ግን ተደብቆ የተወሰደ ነገር ጥያቄ አይጠየቅበትም። መርፌውን ያቆመች ሴት ወዲያው ላትፀንስ ትችላለች፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው ስለሌለ በአራተኛው ወር «መሃን አደረገኝ» ብላ ታለቅሳለች፤ ያንን የሰማች ጎረቤቷም መርፌውን ሽሽት ምንም ሳትጠቀም ትቀመጣለች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኛ መድኃኒቱንም ደበቅነው። አንድ ቀን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረች ወጣት ለሆድ ማቅለሽለሽ የሚሆን ነገር ልትገዛ መጣች። ነገር ከነገር ስንጫወት ክንዷ ውስጥ የሦስት ዓመቱ ኢምፕላንት እንዳለ ነገረችኝ። ለሐኪሙ አልነገረችውም፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ለነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ የኢምፕላንቱን ኃይል ያዳክማል። ልጅቷ ተጠብቄያለሁ ብላ ያለ ምንም ጥንቃቄ ልትከርም ነበር። ብቻዋን ተመልሳ ሐኪሟን እንድታነጋግር ላክኋት፤ እስከዚያው ኮንዶም ሰጠኋት። ወደ ኪሷ ስትከተው ፊቷ ቀልቶ ነበር።

ወደ ሰኞ ጠዋቷ ደንበኛዬ ልመለስ። ስለ ፖስት ፒል አንድ ነገር በደንብ ታውቃለች፤ 72 ሰዓት። ቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ እንደሆነም ታውቃለች። የማታውቀው ቀሪውን ነው። እንክብሏ የምትሠራው እንቁላል እንዳይለቀቅ በማዘግየት ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ እምብዛም አትረዳም፣ የተፀነሰውንም አታስወርድም። ዓርብ የተዋጠች ፍሬ ለቅዳሜ አታገለግልም። በወር ሦስቴ ከእኔ የምትገዛ ልጅ ከመርፌውም ከክንዱም ያነሰ መከላከያ በበለጠ ገንዘብ እየገዛች ነው፤ የወር አበባዋ መዘበራረቁ ሳይቆጠር።

ሌላ 72 ሰዓት ደግሞ አለ። ቫይረሱ ይኑርበት አይኑርበት ከማታውቀው ሰው ጋር ያለ ኮንዶም የተኛ ሰው፣ ኤች አይ ቪ እንዳይዘው በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና 28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ሐኪሞች ፔፕ ይሉታል፤ በጤና ተቋም በምክርና በምርመራ ይሰጣል። ሰዓቱ ከፖስት ፒሉ ጋር እኩል ነው፣ የሚቆጠረውም ከዚያችው ሌሊት ጀምሮ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ስለዚህኛው 72 ሰዓት በራሳቸው አንደበት የጠየቁኝ ሰዎች በእጄ ጣቶች የሚቆጠሩ ናቸው። እርግዝና ሆድ ይገፋል፣ ጎረቤት ያያል፤ ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። እኔ ተማሪ ሳለሁ «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» የሚለው ቃል ከየግድግዳው ላይ ያፈጥብን ነበር። ሰልችቶንም ነበር። ዛሬ ግድግዳዎቹ ዝም ብለዋል፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱም ዕድሜ ይሰጣል፤ ፍርሃቱ በዚያው ተረሳ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ መርፌና ኢምፕላንት የማይወስዱ ያልወለዱ ልጆች ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «መሃን እንዳያደርገኝ» ይሉኛል። አያደርግም። ጨብጥና ክላሚዲያ ግን ሳይታከሙ ከቆዩ የማኅፀን ቱቦ ሊደፍኑ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ሴቷ ላይ ምልክት አያሳዩም። መሃንነትን ፈርታ መርፌውን የሸሸችው ልጅ፣ ያለ ኮንዶም በፖስት ፒል እየኖረች በእግሯ ወደ ፈራችው ነገር ትሄዳለች።

ታዲያ ኮንዶም ብቻውን ይበቃል ወይ? ለእርግዝና አልልም። በተለመደው አጠቃቀም ኮንዶምን ብቻ ከሚጠቀሙ 100 ሴቶች በዓመት 13ቱ ያረግዛሉ፤ አንዳንዴ ይረሳል፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይወጣል። በኢምፕላንትና በሉፕ አንድም ላይሞላ ይችላል። እነዚህ ደግሞ ከበሽታ አይጋርዱም። ለዚህ ነው እኔ ሁለቱን አንድ ላይ የምመክረው፦ እሷ የሚስማማትን ትምረጥ፣ ኮንዶሙን እሱ ይያዝ። ሁለቱም ተመርምረው፣ አንድ ለአንድ ጸንተው መኖራቸውን እስኪያውቁ ድረስ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ስድስት ሰው ተሰልፎ ስልክ ስታሳየኝ፣ እንክብሏን በወረቀት ጠቅልዬ ገንዘብ ተቀብዬ የሸኘኋት ስንት ናት። የእኛ ሙያ ሰዎች ባንኮኒው ዳር ሁለት ሰው የሚያነጋግር ጥግ ማዘጋጀት አያቅተንም፤ ለስኳር መለኪያው ቦታ አግኝተንለታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድና ሴት አብረው ገቡ። ጠያቂው እሱ ነበር፤ ስለ ክንዱ፣ ስለ መርፌው፣ «የኔ ድርሻስ ምንድን ነው?» እስከማለት ድረስ። ከኋላቸው የደም ግፊቷ እናት ስለነበሩ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ልጅቷ ሳቀችና «ዶክተር፣ ከፍ አድርገው ይንገሩን፣ አልሰማንም» አለችኝ። ከፍ አድርጌ ነገርኋቸው። ወጡ። እናትየው መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ ገንዘቡን ከፍለው ቆመው ቀሩ። በሩን ዞር ብለው አዩና ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ያ ክንድ ላይ ይቀበራል ያልሽው፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባች ልጅ ይሆናል?»