ጀግናው ከስልኩ ሲወጣ

ጎረቤቴ በፌስቡክ አንበሳ ነው፤ የመገለጫ ፎቶው ሳይቀር አንበሳ ነው። ማታ ማታ ሚኒስትር ሲያብጠለጥል፣ ካቢኔ ሲያፈርስ ያመሻል። ይኸው ሰው ባለፈው እሑድ ስለ ውኃ በተጠራው የወረዳ ስብሰባ ላይ ማይክ ሲደርሰው፣ «በቅድሚያ ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ፤ ክቡር ኃላፊያችን ካለባቸው የሥራ ጫና ጊዜያቸውን ሠውተው...» ብሎ ጀመረና አስጨብጭቦ ተቀመጠ። ቢጫ ጀሪካኖቻችን ባዶአቸውን አዳራሹ በር ላይ ተኮልኩለዋል! ጭብጨባውን እንኳ ችዬው ነበር። ማታ ቤቱ ገብቶ «ይህ ሕዝብ ግን ለምን ዝም ይላል?» ብሎ መለጠፉ ነው አንጀቴን ያሳረረው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እኔ የምወደው ግን «እረኛ ምን አለ?» የሚለውን ነው። የጥንት ነገሥታት የአገሩን ሐሜት ለማወቅ የእረኛውን ዘፈን ያስጠይቁ ነበር አሉ። አዝማሪውም ቢሆን መኳንንቱ ጠጃቸውን ይዘው በተቀመጡበት፣ ሰሙን አጉርሶ በወርቁ ይወጋቸው ነበር። ያውም ፊቱን ሳይሸፍን። የዛሬው እረኛ ከባለሥልጣኑ ገጽ ሥር ይጽፋል፤ የሕዝብ ግንኙነቱ ተቀምጦ ይሰርዛል። የሚተርፈው «ክቡርነትዎ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር» እና የጽጌረዳ ምስል ብቻ ነው።

ስለ መሰረዝ ከተነሣ የሐሳብ መስጫ ሳጥን የሚሉትን ጉድ ሳላነሣ አላልፍም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፤ ቁልፉ የሚገኘው እኔ አቤት በምልባቸው ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወረቀቴን ስከት ጸሐፊያቸው ቀና ብላ፣ «ጠንከር አድርገው ይግፉት፤ የአምናው ሞልቶታል» አለችኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

መፍራት ያለ ምክንያት ነው አልልም። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ተከታዮቹ ከ5,000 ከበለጡ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ ወይም መቀጮው እስከ 100,000 ብር ሊደርስበት ይችላል። የጎረቤቴ ተከታዮች ግን የአክስቱ ልጆች ተጨምረውም ሁለት መቶ አይሞሉም። ደግሞስ ቧንቧው ደርቋል ማለት በየትኛው አንቀጽ ነው ሐሰት የሚሆነው? ሚኒስትሩን በስም ጠርቶ ለመዝለፍ ያልፈራ ሰው፣ ሦስት ወንበር አልፈው የተቀመጡትን የወረዳ ኃላፊ «ውኃው የት ገባ?» ለማለት ምላሱ የሚተሳሰረው ለምንድን ነው?

የሚቀጥለው ስብሰባ ስለ መብራት ነው ተብሏል። ማይኩ ለዚህ ሰው እንዳይሰጥ ለሰብሳቢው በግልጽ ልነግራቸው ተነሥቼ ነበር፤ ለካ አማቹ ናቸው።