«ዘፈንማ አውቃለሁ» አሉኝ

አሁን ገና ደረስን። ሻንጣዬን እንኳን አልፈታሁም። ይሄን ካልጻፍኩት እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ረጅም ነው፣ ያልፈለገ ይለፈው።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። መኪናቸውንም ታውቃላችሁ። ፊት የተቀመጠ ሰው ሙዚቃ ይመርጣል፤ ይሄ ከልጅነታችን ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ዛሬ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እንደዛም ሆኖ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሳቸውን ስንሰማ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ራሳቸው ናቸው «በይ እስቲ ደግሞ ያንቺን አሰሚን» ያሉኝ። ራሳቸው! እኔ አልጠየቅኩም።

ደስ ብሎኝ ስልኬን አገናኘሁ። ወሩን ሙሉ ደጋግሜ ስሰማት የከረምኩ አንዲት ዘፈን አለች። ልጅቷ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ነው የቀረጸቻት። ቀስ ብላ ነው የምትጀምረው። አንድ ደቂቃ እንዳለፈ ከበሮውም ቤዙም ጸጥ ይላሉ። ድምጿ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ቀጣዩን ስንኝ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ትንሽዬ ትንፋሽ ናት፣ ልታለቅስ ያለች ሰው የምትስበው ዓይነት። ቆርጣ ልታወጣት ትችል ነበር። ትታታለች። እኔ ጋሼን ላሰማቸው የፈለግኩት ያቺን ትንፋሽ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

40ኛው ሰከንድ ላይ የጋሼ ጣት መጣ። ቀጭ። ጸጥታ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዘፈን ነው ጋሼ።»

«ዘፈንማ አውቃለሁ። ይሄ ምንድነው ነው የምልሽ!»

ኋላ ያሉት በሙሉ ሳቁ። በሙሉ! እናንተም ነበራችሁበት፣ ስም አልጠራም።

«ትንሽ ይታገሱት ጋሼ፣ አሁን ነው የሚያምረው።»

«የኔ ልጅ፣ ጥሩ ዘፈን ታገሱኝ አይልም። ሙዚቃማ ድሮ ቀረ። ዛሬ ማሽን ይጮሃል፣ እናንተ ትጨፍራላችሁ። በይ ስልክሽን ንቀይው።»

ንቀይው! እንደ ጥርስ።

ነቀልኩት። ምን ላድርግ? ወዲያው የሳቸውን መልሰው ከፈቱና ወደ እኔ ዞር ብለው «ይሄን እንኳን አታውቂውም» አሉኝ። አውቀዋለሁ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አብሬያቸው መዝፈን ጀመርኩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ቃል ደገሙት። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቃሉ ይለወጣል» አልኳቸው በትህትና። «አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ይሄን ዘፈን የማውቀው» አሉኝ። አፋቸውን ሳይዘጉ ዘፋኙ ራሱ እኔ ያልኩትን ቃል አለ። ጥርት አድርጎ። ሁላችሁም ሰማችሁ። አንድ ሰው እንኳን «እውነቷን ነው» አላለም።

«ሳትወለጂ»! ይሄ ቃል ክርክር ሁሉ የሚዘጋበት በር ሆኗል። ቀድሞ መወለድ ማስረጃ ነው እንዴ?

የቀረውን ሁለት ሰዓት በመስኮት እያየሁ በሆዴ ስከራከር ነው የመጣሁት። ያኔ ያልመለስኩትን ሁሉ አሁን እመልሳለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።

ጋሼ ሁሌ የሚጠሩት ዓመት 1969 ነው። ዉድስቶክ የሚባለው ትልቁ የሙዚቃ ድግስ የተደረገበት፣ ቢትልስ «አቢ ሮድ»ን ያወጡበት፣ ሌድ ዜፕሊን ሁለት አልበም ያከታተሉበት። እውነት ነው፣ ትልቅ ዓመት ነው። ግን የዘፈን ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካው መጽሔት ቢልቦርድ በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ የዓመቱ አንደኛ ያለው ዘፈን የማን ነበር? የዘ አርቺስ «ሹገር ሹገር»። ዘ አርቺስ ማለት የካርቱን ባንድ ነው። በቴሌቪዥን የሚታዩ በእጅ የተሳሉ ልጆች! ከኋላ ሆነው የሚዘፍኑላቸው በስቱዲዮ የተቀጠሩ ሰዎች ነበሩ። የዘመኑ ሰው ከዚያ ሁሉ ትልልቅ ሙዚቃ መሀል አንደኛ ያደረገው እሱን ነው። ዘፈኑ ደስ ይላል፣ እኔም እጨፍርበታለሁ። ግን ዛሬ የካርቱን ባንድ የዓመቱ አንደኛ ቢወጣ ጋሼ ምን እንደሚሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

1967ም ያው ነው። ቢትልስ «ስትሮበሪ ፊልድስ ፎርኤቨር»ን እና «ፔኒ ሌን»ን በአንድ ሸክላ፣ ፊትና ጀርባ አድርገው አወጡ። እንግሊዝ አገር አንደኛ አልወጣም። ኢንግልበርት ሃምፐርዲንክ «ሪሊስ ሚ» በሚል የፍቅር ዘፈን ሁለተኛ ላይ አስቀራቸው። ዛሬ ስለ 60ዎቹ ሲወራ የትኛው ነው የሚነሳው?

ነገሩ ይሄው ነው! ድሮ የምትሉት የተነፈሰ እህል ነው። ገለባውን ነፋስ ወስዶታል። 50 ዓመት ሙሉ ሲበጠር፣ ሲለቀም፣ ሲመረጥ ኖሮ ነው እናንተ እጅ የደረሰው። የዛሬው ገና ከነገለባው ነው። እና የናንተን ፍሬ ከኛ ገለባ ጋር አስቀምጣችሁ «አያችሁ?» ትሉናላችሁ። ምኑን ነው የምናየው?

«የድሮዎቹ በራሳቸው ድምፅ ነው የሚዘፍኑት» የሚለው ደግሞ አለ። ጋሼ ዛሬ ሁለት ጊዜ ብለውታል። ሚሊ ቫኒሊ የሚባሉት ሁለት ዘፋኞችስ? በ1990 የአሜሪካውን ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት፣ የግራሚን የምርጥ አዲስ ድምፃዊ ሽልማት ወሰዱ። በዚያው ዓመት አልበሙ ላይ የዘፈኑት ሌሎች ሰዎች እንደሆኑ ታወቀና ሽልማቱ ተነጠቀ። አፋቸውን ብቻ ነበር ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት። በ1966 ዘ መንኪስ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ መሣሪያውን በብዛት የተጫወቱት የስቱዲዮ ባለሙያዎች ነበሩ። ባንዱ ራሱ ለቴሌቪዥን ተከታታይ የተሰበሰበ ነው። ዛሬ ይሄን የሚያደርግ ልጅ ቢገኝ ቆዳው ይገፈፋል።

ማሽኑስ? በዚያው በ1966 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ አንድ መሐንዲስ የዘፋኙን ድምፅ በቴፕ የሚደርብ ዘዴ ፈጠረ። ለምን? የቢትልሱ ጆን ሌነን አንዱን ዘፈን ሁለቴ መዝፈን ሰልችቶት ነበርና። ድምፁ ወፈር ብሎ የሚሰማችሁ እሱ ነው። ማሽን ነው ጋሼ! በጣም የሚያምር ማሽን! የዘፋኝን የተዛነፈ ድምፅ ወደ ቃናው የሚመልሰው ሶፍትዌር፣ ኦቶቲዩን፣ በ1997 መጣና ዓለም የተበላሸው በሱ ይመስል ሁሉም ይረግመዋል። የፈጠረው ሰው ቀድሞ የመሬት ውስጥ የድምፅ ሞገድ እየተነተነ ነዳጅ በማሰስ ሥራ ላይ የነበረ ነው። ያንኑ ሂሳብ ወደ ሰው ድምፅ አመጣው። በማግሥቱ ዓመት ሼር «ቢሊቭ» ላይ ሆን ብላ አጋነነችው። ዛሬ ያ ዘፈን ሲከፈት «አይ የኛ ጊዜ!» ብለው የሚነሡት የኦቶቲዩን ጠላቶች ናቸው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ አጭር ነው ይላሉ። «የዛሬ ዘፈን ሳይጀመር ያልቃል።» «ሺ ላቭስ ዩ» ስንት ደቂቃ ነው? 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አካባቢ! ትንሿ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፣ ሬዲዮውም አጭር ነበር የሚፈልገው። ያኔ ሸክላው አሳጠረው፣ ዛሬ ስልኩ አሳጠረው።

እሺ፣ አንዱን አምናለሁ። የዛሬው ችኮላ እኔንም ያበሳጨኛል። ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ መስሚያ መተግበሪያ ላይ አንድ ዘፈን ተሰማ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ መግቢያውን ጎርደው ቀጥታ ወደ አዝማቹ ይሮጣሉ። ያሳዝናል። ቢትልስ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲሠሩ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963፣ በአንድ ቀን 10 ዘፈን ቀርጸዋል። ሌነን ጉንፋን ይዞት ጉሮሮው ተልጦ ነበር። የመጨረሻው ላይ ድምፁ ሲቀደድ ይሰማችኋል። እሱን በሰማሁ ቁጥር ጸጉሬ ይቆማል። እኔ መቼ ይሄን ጠላሁ? ማን ነው ድሮን ትጠላለች ያለው? ድሮን ስለምወድ ዛሬን መጥላት አለብኝ እንዴ?

አንድ ቀን መሥሪያ ቤት አንዷ ስልኬን አየት አድርጋ «እንዴ፣ ይሄንንም ትሰሚያለሽ? ካንቺ አልጠበቅኩም» አለችኝ። ሌባ የያዘች ነው የምትመስለው። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ዝም ማለቴ። ደግሞ እነዚያ የድሮ ዘፈን ሥር ኮሜንት የሚጽፉ የ15 ዓመት ልጆች! «የተሳሳተ ዘመን ተወለድኩ።» የኔ እህት፣ የምትሰሚው በስልክሽ ነው፣ ያውም የፈለግሽውን፣ በፈለግሽው ሰዓት። ያኔ ብትወለጂ ሬዲዮው የሚሰጥሽን ነበር የምትሰሚው። ሬዲዮውም ንጹሕ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን የሚያጫውቱ የሬዲዮ ሰዎች ጉዳይ ኮንግረስ ድረስ ደርሶ በ1960 ሕግ ወጥቶበታል። ሙዚቃ በገንዘብ የተነካው ትናንት አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ «ጩኸት» የሚሉት ነገር ነው። ጋሼ ዛሬ የሚያመልኳቸው ሁሉ ይሄን ቃል ጠግበውታል እኮ! ኤልቪስን በጃንዋሪ 1957 በቴሌቪዥን ከወገቡ በላይ ብቻ ነው ያሳዩት፤ ዳሌው ልጆች ያበላሻል ተብሎ። ቦብ ዲላን በ1965 በኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከሕዝቡ መሀል ጮኹበት። በ1979 ደግሞ ቺካጎ ስታዲየም ውስጥ የዲስኮ ሸክላ ሰብስበው በፈንጂ አነደዱ። ሰው ሜዳውን ወረረው፣ የዕለቱ ሁለተኛ የቤዝቦል ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። ዲስኮ! ጋሼ ዛሬ ጠዋት መሪውን እየመቱ የመጡበት ዲስኮ! ያኔም አንድ ትልቅ ሰው ጣቱን ሰዶ «ይሄ ምንድነው ነው የምልሽ» ብሏል። የጋሼ አባት ለጋሼ ብለዋቸው ይሆናል። እንዴት ይረሳል ይሄ? ራስህ የቀመስከውን እንዴት መልሰህ ለልጅ ታቀምሳለህ?

የሥነ ልቦና ሰዎች የሚሉት አለ። ሰው ካረጀ በኋላ በብዛት የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው መሀል ያለውን ነው። ያኔ የሰማው ዘፈንም አብሮ ይታተማል። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ደሞዝ፣ ሌሊት ከጓደኛ ጋር መሄድ፣ ሁሉም ዘፈን ነበረው። ይሄን አከብራለሁ። ጋሼ ያንን ዘፈን ሲሰሙ የሚሰሙት የ20 ዓመቱን ራሳቸውን ነው። ዓይናቸው ሲርስ አይቻለሁ። ማንም ያንን ሊነጥቃቸው አይገባም። ግን እኔስ? የኔ 20ዎቹ አሁን ናቸው። የኔ ዘፈን እየታተመ ያለው አሁን ነው። 40 ሰከንድ ነው የተሰጠኝ!

ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን የኔ ነገር አይደለም፤ ወንድሜ ነው።

ከኋላ በስተቀኝ ተቀምጦ ነበር፣ ሁለቱንም ጆሮውን በኤርፎን ዘግቶ። ይሄ ልጅ እኮ ሙዚቃ ይሠራል። በላፕቶፕ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ማንም አላስተማረው። የዝናብ ድምፅ ቀርጾ ከበሮ ሲያደርገው አይቻለሁ። የመስኮት ብረት መትቶ፣ ያንን ድምፅ ቆራርጦ፣ ዜማ አድርጎታል። አምና ሳሎን ውስጥ አሰማን። «ኮምፒውተሩ ነው የሠራው ወይስ አንተ?» ተብሎ ተሳቀ። እንደ ዛሬው ዓይነት ሳቅ። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ አሰምቶ አያውቅም። በሩን ዘግቶ፣ ኤርፎን አድርጎ፣ ለብቻው። ጎበዝ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንኳን የሚነግረው ሰው የለም፣ ስለማይሰማ።

ዛሬ የኔን ዘፈን ስከፍት በመስታወቱ አየሁት። አንዱን ኤርፎን አወጣ። ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ፊት አደረገ። ትንፋሿን ያውቃታል፣ እኔ ነኝ ያሰማሁት። እየጠበቃት ነበር። ቀጭ ሲል፣ ሳቁ ሲነሣ፣ ምንም አላለም። ኤርፎኑን መልሶ ሰካና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጋሼን እወዳቸዋለሁ። ሲደርሱ ሻንጣዬን ራሳቸው ነው ያወረዱልኝ፣ ጀርባቸውን እያመማቸው። ደህና እደሪ የኔ ልጅ ብለውኛል። ምንም እንዳልተፈጠረ። ለሳቸው እኮ ምንም አልተፈጠረም። ለማስረዳትም ደክሞኛል፣ ብናገር መልሱ ያው «ሳትወለጂ» ነው።

እሁድ መመለሻ አለ። እኔ ኋላ ነው የምቀመጠው፣ ከወንድሜ ጎን። አንዱን ኤርፎን ለሱ፣ አንዱን ለኔ። ፊት መቀመጥ የሚፈልግ ይቀመጥ፤ ስልኬን ግን ማንም እንዳይጠይቀኝ።